ጓርኒሲዮኑ ተቀይሮም ቤንዚን የሚያንጠባጥብ ካርቡራተር

ጥያቄ፦ ከሱሉልታ ነው የምጽፈው። አሮጌ 125 ሲሲ ሞተር ሳይክል አለኝ። ማታ ካቆምኩት በኋላ ከካርቡራተሩ ሥር ባለችው ቀጭን ቱቦ ቤንዚን ሲያንጠባጥብ ያድራል። የሥረኛውን ኩባያ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ሁለቴ አስቀየርኩ፤ ለውጥ የለም። ካርቡራተሩን ልቀይረው?

መልስ፦ አይቀይሩት። ጓርኒሲዮኑም ጥፋት አልነበረበትም። እሱ ሲበላሽ የሚረጥበው የኩባያው ጠርዝ ዙሪያውን ነው። በቱቦዋ የሚወርደው ግን ኩባያው ከልኩ በላይ ሲሞላ የሚተርፈው ቤንዚን ነው፤ ቱቦዋ የተሠራችው የተረፈው ወደ ሞተሩ እንዳይገባ ነው።

ከመፍታትዎ በፊት የዘይት መለኪያዋን አውጥተው ያሽትቱ። ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ወይም ዘይቱ ከምልክቱ በላይ ከሆነ ትርፉ በሲሊንደሩ በኩል ወደ ዘይቱም ወርዷል ማለት ነው። ዘይቱን ሳይቀይሩ አያስነሱት፤ የቀጠነ ዘይት ሞተር ይበላል።

ቀጥሎ ሩቢኔቶውን (የቤንዚኑን መክፈቻና መዝጊያ) ዘግተው የቤንዚኑን ጎማ ከካርቡራተሩ ይንቀሉና ጫፉን ጠርሙስ ውስጥ ያድርጉ። በ10 ደቂቃ ውስጥ ጠብ ካለ ሩቢኔቶውም አይዘጋም፤ እሱም መጠገን አለበት። ጠብ ካላለ ጎማውን መልሰው ሩቢኔቶውን ይክፈቱና ኩባያውን በካቻቢቴ እጀታ ቀስ ብለው መታ መታ ያድርጉት፤ የማፍሰሻ ብሎኗንም ፈታ አድርገው ጥቂት ያስወርዱ። ከመንገድ ዳር በሃይላንድ የተገዛ ቤንዚን አሸዋና ውሃ ይዞ ይመጣል፤ መርፌዋ (የቤንዚኑን መግቢያ የምትዘጋው ሾጣጣ ፒን) ሥር ተሰንቅሮ እንዳትዘጋ ያደረጋት ቅንጣት አንዳንዴ በዚህ ብቻ ታጥቦ ይሄዳል።

ካልተስተካከለ ይፍቱት፤ ከሰል ከሚነድበት ርቀው፣ ቤንዚኑን በቆርቆሮ ተቀብለው። የኩባያው ብሎኖች ጭንቅላታቸው ለስላሳ ስለሆነ ልክ የሚገጥም ካቻቢቴ ይጠቀሙ። የተንሳፋፊውን (ኩባያው ሲሞላ ከፍ ብሎ መርፌዋን የሚዘጋውን) ዘንግ ሲያወጡ አይደብድቡ፤ የሚይዙት ሁለት ጆሮዎች በቀላሉ የሚሰበሩ ናቸው፤ ከተሰበሩ ያኔ እውነትም አዲስ ካርቡራተር ይገዛሉ።

አሁን መርፌዋን ብርሃን ላይ ይያዟት። ሾጣጣው ጫፏ ላይ ቀለበት የመሰለ መስመር ካለና ጥፍርዎ ከያዘበት ተበልታለች፤ ትቀየር። ኋላዋ ላይ ያለችው ትንሽ ፒን ሲጫኗት በሞላዋ (ስፕሪንጓ) ተመልሳ ካልወጣችም እንደዚያው። አሮጌዋን ይዘው ገበያ ይሂዱና ርዝመቷን አስተያይተው ይግዙ፤ አጭር ከሆነች ኩባያው አብዝቶ ይሞላል። የመርፌዋን መቀመጫ ጥጥ በተጠቀለለበት እንጨትና በነሐስ መወልወያ ያጥሩት። ብርጭቆ ወረቀት አያስነኩት፤ የጫረው ጭረት ራሱ ማፍሰሻ ይሆናል። ቀዳዳዎቹን በሽቦ አይውጉ፤ ጎሚስታ ቤት በኮምፕረሰር ያስነፉ።

ተንሳፋፊውን ጆሮዎ ላይ ያወዛውዙት። ውስጡ ቤንዚን ከተንቦጫረቀ ተበስቷል። ሙቅ ውሃ ውስጥ ሲነክሩት የቀዳዳውን ቦታ አረፋ ያሳይዎታል። የነሐሱን መበየድ ይቻላል፤ ነገር ግን ብየዳው ክብደት ይጨምርበታል፣ ስለዚህ መቀየሩን እመርጣለሁ።

ብዙ ሰው የሚዘለው ደግሞ ይህ ነው፦ ኩባያው ውስጥ ቆማ የምትታየው፣ ትርፉን ወደ ውጭ የምታወርደው ቀጭን የነሐስ ቱቦ። ኩባያውን ለብቻው ይያዙና ከቱቦዋ አፍ ትንሽ ዝቅ እስኪል ቤንዚን ይሙሉበት። የማፍሰሻ ብሎኗ ጠብቃ ሳለ ከሥር ጠብ ካለ ቱቦዋ ተሰንጥቃለች፤ መርፌ ቢቀያይሩ ዋጋ የለውም። ስንጥቁ እንደ ፀጉር ስለሚቀጥን በዓይን አይታይም። በቆርቆሮ ብየዳ ይደፈናል።

ሲገጥሙ፣ ኩባያውን ሳይመልሱ ካርቡራተሩን ገልብጠው በንጹሕ ጎማ በቤንዚን መግቢያው ይንፉ። ተንሳፋፊው በክብደቱ መርፌዋን ተጭኖ አየር ማሳለፍ የለበትም፤ በጣት ከፍ ሲያደርጉት ማሳለፍ አለበት። የተንሳፋፊው ከፍታ ከሞዴል ሞዴል ይለያያል፤ ስለዚህ ምላሷን (ተንሳፋፊው ላይ ያለችውን፣ መርፌዋን የምትገፋውን ቅጠል) ከማጠፍዎ በፊት የነበረውን በማስመሪያ ለክተው ይጻፉ፤ 1 ሚሊሜትር እንኳ ለውጥ ታመጣለች። ምላሷ የማትታጠፍ ፕላስቲክ ከሆነች አያስገድዷት።

አንድ ነገር ልጨምር። ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ሳስቶ ካንዴላ (የእሳት ብልጭታ የሚሰጠውን) ሊያጠቁር ይችላል። ያ ግን ከመንጠባጠቡ ጋር አይገናኝም፤ «ጄቱን (ቤንዚኑን የሚመጥነውን ባለ ቀዳዳ ብሎን) እናሳንሰው» የሚልዎት ካለ መጀመሪያ ፍሳሹ ይቁም። ከሰልባትዮው (ከቤንዚን መያዣው) እስከ ካርቡራተሩ ባለው ጎማ መሃል ትንሽ የወረቀት ፊልትሮ ያስገቡ፤ ቀስቷ ወደ ካርቡራተሩ ትዙር።