ታናሽ ታላቁን ሲመታ፦ ጥያቄና መልስ

ከ1 እስከ 3 ዓመት ያሉ ልጆች ታላላቆቻቸውን ስለመምታታቸው ከአራት ኪሎ፣ ከፒያሳና ከካዛንቺስ ወላጆች ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች ናቸው።

ጥያቄ፦ ልጄ 1 ዓመት ከ8 ወሩ ነው። የ6 ዓመት እህቱን በጥፊ ይላታል፣ ፀጉሯን ይጎትታል። ስንቆጣው ደግሞ ይስቃል። ክፉ ልጅ እየሆነብኝ ነው?

መልስ፦ አይደለም እህቴ። በዚህ ዕድሜ የሚፈልገው ብዙ ነው፣ የሚናገረው ግን ጥቂት። «ስጪኝ»፣ «ተይኝ»፣ «አጫውቺኝ» ለማለት አፉ ስለማይደርስለት እጁ ይቀድማል። እጁን የመግታት አቅሙም ገና አልተሠራም፤ «አይመታም» ሲባል ቃሉን ቢረዳም ያቺ ቅጽበት ስትመጣ ራሱን ማቆም አይችልም። ሳቁ ንቀት አይደለም። እናት ስትጮህ፣ እህት ስታለቅስ፣ ሰው ሁሉ ወደ እሱ ሲዞር ለእሱ ትልቅ ትርኢት ነው። አንዳንዴ ደግሞ ደንግጦ ይስቃል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ትርኢቱን ማሳነስ ነው።

ጥያቄ፦ ልክ ሲመታት ምን ላድርግ? በቅደም ተከተል ንገሩኝ።

መልስ፦ እጁ ገና በአየር ላይ ሳለ ከደረሽበት ሳትጨምቂ ያዢው። ጎንበስ ብለሽ ፊቱን እያየሽ፣ ድምፅሽን ሳታነሺ «መምታት የለም፣ ያማል» በይው። ከዚህ አይርዘም። ከዚያ ወደ ተመታችው ልጅ ዙሪና እሷን አባብይ፤ መጀመሪያ መታቀፍ ያለባት እሷ ናት። እሷ ስትረጋጋ ወደ እሱ ተመለሺና በመምታት ፋንታ ምን እንደሚያደርግ አሳዪው፦ መዳፉን ዘርግተሽ «ስጪኝ» አስብዪው፣ ወይም እጁን ይዘሽ የእህቱን ክንድ ቀስ ብሎ እንዲዳስስ አድርጊ። እዚያው እንደገና ከመታት አንሥተሽ ሁለት ሦስት እርምጃ አርቂውና አጠገቡ አንድ ሁለት ደቂቃ ተቀመጪ። ክፍል ውስጥ ዘግቶ መተው ግን ፍርሃት እንጂ ሌላ አያስተምረውም።

ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። «ለምን መታሃት?» ብሎ መጠየቅ ከንቱ ነው፤ የሁለት ዓመት ልጅ ምክንያት ማቅረብ አይችልም። «በል ይቅርታ በላት፣ ሳማት» የሚለው ልማዳችንም ቢታሰብበት ጥሩ ነው። ከእያንዳንዱ ጥፊ በኋላ መሳም ከመጣ ሕፃኑ መምታትና መሳምን እንደ አንድ ጨዋታ ይይዛቸዋል፤ ልጅቷም ገና እያመማት እንድትሳም ትገደዳለች። ዛሬ ተቆጥቶ ነገ ማለፍ ከሁሉም ይብሳል፤ አንዳንዴ የሚሠራለትን ነገር ልጅ ደጋግሞ ይሞክረዋል።

ጥያቄ፦ ጎረቤቶች «መልሳ ትምታው፣ ያኔ ይገባዋል» ይሉኛል። (አባት፣ ካዛንቺስ)

መልስ፦ የሚገባው «ጉልበት ያለው ይመታል» የሚለው ነው ወንድሜ። ቁንጥጫም እንደዚያው። እጅ እንደማይመታ በሚመታ እጅ ማስተማር አይቻልም።

ሌላም ሳናስተውል የምናስተምረው አለ። ልጅ ሲወድቅ «ይቺ መሬት ናት የጣለችህ? በላት!» እያልን መሬቱን እንመታለታለን። ካሳዘኑት መምታት ተገቢ መሆኑን የሚማረው ከእኛው ነው። ሕፃኑ አያቱን በጥፊ ሲል «ጀግና!» ብሎ መሳቅም ያው ነው። እነዚህ ሁለቱ ከቤት ይውጡ፤ እንግዳም ይነገረው።

ጥያቄ፦ ትልቋ «ሁልጊዜ እኔ ብቻ ነኝ የምታገሠው» ብላ አለቀሰች።

መልስ፦ እውነቷን ነው፣ ስሚያት። «አንቺ ትልቅ ነሽ፣ ተይው» የሚለው ቃል በየቀኑ ሲደጋገም መመታት ግዴታዋ ሆኖ ይሰማታል። ቂሙም ቀስ ብሎ ይወጣል፤ ማንም በማያይበት ትቆነጥጠዋለች፣ እሱ ሲመታት ግን ሁላችሁም ታያላችሁ። ከምቱ በፊት ያለውን ግማሽ ደቂቃ በደንብ ተመልከቱ።

ሦስት ነገር ይሰጣት። አንደኛ፣ የእሷ ብቻ የሆነና እሱ የማይደርስበት ቦታ፦ የቡፌው ላይኛ መደርደሪያ ወይም ከፍ ያለ ጠረጴዛ። ደብተሯና የምትወደው አሻንጉሊት እዚያ ይቀመጥ፤ ያንን የማካፈል ግዴታ የለባትም። ሁለተኛ፣ ሲመጣባት የምታደርገው ይታወቅ፦ መዳፏን ከፊቷ አድርጋ «ተው!» ትበል፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ትበል፣ ትልቅ ሰው ትጥራ። ስትጠራ መምጣት የእናንተ ድርሻ ነው፤ ሁለቴ ጠርታ ካልመጣችሁ ሦስተኛውን በእጇ ትጨርሰዋለች። ሦስተኛ፣ ትንሹ ሲተኛ በየቀኑ 10 ወይም 15 ደቂቃ ከእናት ወይም ከአባት ጋር ለብቻዋ፤ ስልክ ይቀመጥ፣ ጨዋታውን እሷ ትምረጥ።

ጥያቄ፦ የምንኖረው ስቱዲዮ ኮንዶሚኒየም ነው። የት ላለያያቸው?

መልስ፦ በቦታ ካልሆነ በሰዓት ለያዪአቸው። መጀመሪያ ለ5 ቀን በወረቀት ጻፊ፦ ስንት ሰዓት መታት? ከዚያ በፊት ምን ነበር? ከበላና ከተኛ ስንት ሰዓት ሆነው? ብዙ ቤት ምቱ የሚበዛው ከ11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ነው፤ ትልቋ የቤት ሥራ ይዛ፣ እናት እራት እየሠራች፣ ትንሹ ደክሞትና ርቦት። 10 ሰዓት ላይ ሙዝ ወይም ዳቦ ይብላ። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ከቤት ይውጣ፤ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ ያለው ሰፊ የእግረኛ መንገድ ለዚህ ይመቻል፣ እጁ ብቻ አይለቀቅ። የቤት ሥራውም እሱ በወጣበት ሰዓት ይሠራ።

እንቅልፉንም ቁጠሪ። ከ1 እስከ 2 ዓመት ያለ ልጅ የቀኑ ተጨምሮ በ24 ሰዓት ከ11 እስከ 14 ሰዓት መተኛት አለበት። አባቱን ሲጠብቅ ማታ 5 ሰዓት ተኝቶ ጠዋት 1 ሰዓት ከተነሣ 8 ሰዓት ብቻ ነው፤ ቀን ሰዓት ተኩል ቢጨምር እንኳ አልሞላም። እንዲህ ያለውን ልጅ ተግሣጽ አይመልሰውም። ማታ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ይተኛ፣ ከአባቱ ጋር ጠዋት ይጫወት።

ጥያቄ፦ ቀን ከሠራተኛችን ጋር ነው የሚውሉት።

መልስ፦ እሷም፣ አያትም፣ እናንተም ያንኑ አንድ ቃል ተጠቀሙ፦ «መምታት የለም፣ ያማል»። ሠራተኛዋ ልጆቹን እንደማትመታም አስቀድማችሁ በግልጽ ተስማሙ። ቡና ሲፈላ ደግሞ አንድ ሰው ሕፃኑን ብቻ ይጠብቅ፤ የተናደደ ልጅ ሲኒ ይወረውራል፣ ከሰሉም አጠገቡ ነው።

ጥያቄ፦ መንከስ ጀመረ።

መልስ፦ ሲነክስ ክንዷን በኃይል አትጎትቱ፣ ቆዳ ይቀደዳል። የተነከሰውን በሳሙናና በውሃ እጠቡ፣ ቀዝቃዛ ጨርቅ ያዙበት። ከደማ ጤና ጣቢያ ይታይ። ጥርስ እያወጣ ከሆነ የሚያኝከው ንጹሕ ጨርቅ ይሰጠው። የቀረው ከመምታቱ ጋር አንድ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ አያት ነኝ። ይህን ሁሉ አድርገን እስከ መቼ እንጠብቅ? ሐኪም የሚያስፈልገውስ መቼ ነው?

መልስ፦ እማማ፣ ለውጡ በሳምንታት እንጂ በቀናት አይመጣም። ጩኸቱን ስታቆሙ መጀመሪያ ሊብስበት ይችላል፤ የለመደውን ሲያጣ አጥብቆ ይሞክራልና እንዳትተዉት። ቃላት ሲበዙለት ምቱ ይቀንሳል።

2 ዓመት ሞልቶት ሁለት ቃል አጣምሮ የማይናገር ከሆነ፣ ስሙ ሲጠራ የማይዞር ከሆነ፣ ይናገር የነበረውን ከተወ፣ ጆሮውን ደጋግሞ የሚነካካ ከሆነ፣ ወይም 4 ዓመት እየቀረበውም ምቱ ከበረታ ግን አይጠብቁ። መጀመሪያ በአቅራቢያዎ ያለው ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። ከዚያ እንደ ጥቁር አንበሳ ወይም የካቲት 12 ወዳለ ሆስፒታል ሪፈር ሊጻፍለት ይችላል። የመስማት ምርመራ እንዲደረግለት ራስዎ ይጠይቁ፤ በደንብ የማይሰማ ልጅ «ተው» ሲባል እንቢተኛ ይመስላል። የ5 ቀኑን ወረቀትም ለሐኪሙ ያሳዩት።