ፕላዝማ መቁረጫ ለያዛችሁ ወጣቶች፦ ብረት ስለማጋልና ስለማጠፍ

ውድ ወጣት የሙያ ባልደረቦቼ፣

ብዙዎቻችሁ አንድ ጥያቄ ደጋግማችሁ ታነሱልኛላችሁ። «ፕላዝማው ይህን ያህል የሚያግል ከሆነ ብረት አሙቀን ለማጠፍ ለምን አንጠቀምበትም? የኦክስጅንና የአሴቲሊን ሲሊንደር ማንከባለሉስ ለምን?» ጥያቄያችሁን አከብረዋለሁ። በእጁ ያለውን መሣሪያ አሟጦ መጠቀም የሚፈልግ ሠራተኛ የሚጠይቀው ነው። ስለዚህ «አይሆንም» ብቻ ብዬ ላልፈው አልፈልግም። ለምን እንደማይሆን ከገባችሁ፣ ፕላዝማው ለማጠፍ ሥራ በየት በኩል እንደሚያግዛችሁም አብሮ ይገባችኋል።

የፕላዝማ አርክ፣ ማለትም በቶርቹና በብረቱ መካከል የሚነደው የኤሌክትሪክ እሳት፣ እምብርቱ ላይ ከ20,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሊደርስ ይችላል። የኦክስጅንና የአሴቲሊን ነበልባል 3,100 ገደማ ነው። ተራው ለስላሳ ብረት ደግሞ 1,500 አካባቢ ላይ ይቀልጣል። ይህን ያየ ሰው ፕላዝማው የበለጠ ያሞቃል ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን የእሳቱ ግለትና ብረቱ ውስጥ የሚገባው የሙቀት ብዛት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በ40 አምፔር የሚሠራ ትንሽ ማሽን አርኩ ላይ የሚያወጣው ኃይል ከ4 እስከ 5 ኪሎ ዋት ቢሆን ነው። ባለ ብዙ ቀዳዳ የጋዝ ማሞቂያ ጫፍ ከዚህ ብዙ እጥፍ ያወጣል፤ ያንንም በሰፊ ቦታ ላይ ይዘረጋዋል።

ፕላዝማው ያለውን ኃይል ሁሉ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ በሆነች የኖዝል (የቶርቹ አፍ) ቀዳዳ አጥብቦ ነው የሚያወጣው። ሮበርት ጌጅ ዩኒየን ካርባይድ በተባለው ኩባንያ ሲሠራ በ1957 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ያገኘበት ሐሳብ ይኸው ነበር፦ የብየዳ አርክን በጠባብ ቀዳዳ ማሳለፍና ማፍጠን። አርኩ የነካትን ጠባብ መስመር ያቀልጣል፤ የታመቀው አየር የቀለጠውን ጠርጎ ይጥለዋል፤ ሙቀቱም አብዛኛው ከቀለጠው ጋር አብሮ ይሄዳል። ቀሪው ብረት እምብዛም አይግልም። ፕላዝማን የምንወደውም ለዚሁ ነው፤ ከቁርጡ አጠገብ በሙቀት የሚጎዳው ቦታ ጠባብ ነው። እንግዲህ በዚህ መሣሪያ ብረት ማሞቅ ማለት መሣሪያውን እንዳያደርገው ተብሎ የተሠራበትን ነገር አድርግ ብሎ ማዘዝ ነው።

አንዳንዶቻችሁ «አምፔሩን ቀንሰን፣ ቶርቹን ከፍ አድርገን፣ ክብ እየዞርንስ?» ትላላችሁ። የሚሆነውን ልንገራችሁ። ሲቆረጥ ኖዝሉ ከብረቱ የሚርቀው ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው። ከዚያ በላይ ሲርቅ ዋናው አርክ ይቋረጥና ማሽኑ ማስነሻውን ፓይለት አርክ ብቻ ይዞ ይቀራል። ፓይለቱ በኤሌክትሮዱ (አርኩ በሚነሳበት በቶርቹ ውስጥ ባለው ዘንግ) እና በኖዝሉ መካከል የሚነድ አጭር አርክ ነው። ብረቱን እዚህ ግባ በሚባል ደረጃ አያሞቅም፤ የኖዝሉን ቀዳዳና በኤሌክትሮዱ ጫፍ ያለችውን የሃፍኒየም ፍሬ ግን ይበላል። አርኩ ሳይቋረጥ ተጠንቅቃችሁ ብታዞሩት ደግሞ ብረቱ በወጉ እንዳልጋገሩት ዳቦ ይሆናል፤ ላዩ አሮ ውስጡ ጥሬ። ላዩ እየቀለጠ ይቦረቦራል፤ እምብርቱ ቀዝቃዛ ነው። ያ ቀዝቃዛ አካል ከላይ ያለውን ግለት በፍጥነት ይመጥጠዋል፤ ካርቦኑ ከ0.3 በመቶ በላይ የሆነ ብረት ከሆነም ላዩ ጠንካራና ተሰባሪ ቆዳ ያወጣል። ስታጥፉት ስንጥቁ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

ለማጠፍ የሚያስፈልገው ሙቀት የተለየ ነው። ብረት ሲታጠፍ የውጭው ፊት ይለጠጣል፣ የውስጡ ይጨመቃል። ስለዚህ ሙቀቱ በማጠፊያው መስመር ግራና ቀኝ ሰፋ ብሎ እስከ ውስጥ ድረስ መዝለቅ አለበት። ይህ ጊዜ ይፈልጋል፤ የጋዝ ነበልባል ይህን ጊዜ ይሰጣችኋል። ፀሐይ በሌለበት ጥላ ውስጥ ሆናችሁ ቀለሙን ማንበብ ተለማመዱ። ደብዛዛ ቀይ ከ650 እስከ 700 ዲግሪ፣ ደማቅ ቀይ 800 አካባቢ፣ ብርቱካናማ ከ900 እስከ 1,000 ነው። ወፈር ያለ ለስላሳ ብረት በብርቱካናማው ላይ እሺ ብሎ ይታጠፋል። ወደ ደብዛዛ ቀይ ሲወርድ አቁሙና እንደገና አሙቁት። ከ200 እስከ 370 ዲግሪ ባለው፣ ላዩ ሰማያዊ በሚመስልበት ግለት ግን በፍጹም አታጥፉ። ብዙ ሰው ትንሽ ሙቀት ከምንም ይሻላል ብሎ ያስባል፤ በዚህ ክልል ግን ብረቱ ከቀዝቃዛው ይልቅ ይሰነጠቃል።

ሙቀት ያለ መዶሻም ብረት ያጥፋል። የአንድ ሜትር ብረት ግለት በ100 ዲግሪ ሲጨምር ርዝመቱ 1.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ይጨምራል። አንድ ጎኑ ብቻ ከጋለ፣ የጋለው ክፍል ሊሰፋ ሲል ዙሪያው ያለው ቀዝቃዛ ብረት አላላውስ ይለውና እርስ በርሱ ተጨምቆ ይወፍራል። ሲቀዘቅዝ ደግሞ ከመጀመሪያው አጥሮ ብረቱን ወደራሱ ይጎትታል። የመርከብ ሠሪዎች ወፍራም ላሜራ በመስመር እያሞቁ የሚያጎብጡት በዚህ ነው፤ የተጣመመ ምሰሶ የሚቃናውም እንዲሁ። የሚቃና ለስላሳ ብረት ከ650 ዲግሪ በላይ እንዳይግል ተጠንቀቁ። ለእኔ ከሙያችን ሁሉ የሚያምረው ይህ ነው፤ ትዕግሥት ላለው ሰው ነበልባሉ ከመዶሻው የበለጠ ይሠራለታል።

ይህንን ካወቃችሁ ፕላዝማው ሳትጠይቁት ብረት የሚያጎብጥበትን ምክንያትም ታውቃላችሁ። ከላሜራ ጠርዝ ረጅምና ቀጭን ቁራጭ ስታወጡ ቁራጩ እንደ ቅስት የሚጎብጠው አንድ ጎኑ ብቻ ስለጋለ ነው። መስመሩን በየመሃሉ ያልተቆረጠ ድልድይ እያስቀራችሁ ቁረጡት፤ ሲቀዘቅዝ ድልድዮቹን ብቻ ቁረጡ።

አሁን ፕላዝማው ወደሚያግዝበት ልምጣ። ወፍራም ላሜራ ማጠፍ ፈልጋችሁ የጋዝ ማሞቂያም ማጠፊያ ማሽንም ከሌላችሁ፣ በማጠፊያው መስመር ላይ የተቆራረጠ ቁርጥ አውጡ፤ በየመሃሉ ያልተቆረጠ ድልድይ ይቅር። ከዚያ ሳታሞቁ ሞርሳ ላይ አጥፉትና ክፍተቱን በብየዳ ሙሉት። ቱቦላሬ ከሆነ ሦስቱን ፊት በቪ ቅርጽ ቁረጡ፣ አራተኛውን ፊት ተዉት፤ አጥፋችሁ በይዱት። በእኔ ግምት ይህ ዘዴ በፕላዝማ ለማሞቅ ከሚደረገው ሙከራ ሁሉ ይበልጣል፤ መሣሪያው የሚችለውን ነው የምታሠሩት። ጭነት ለሚሸከም ክፍል ግን ብየዳው እስከ ሥሩ ካልዘለቀ አትመኑት፤ የቁርጡ ጫፎች ስንጥቅ የሚነሳባቸው ቦታዎች ናቸው።

ስለ ጠርዙም አደራ። በአየር የሚሠራ ፕላዝማ የቆረጠው ጠርዝ ከአየሩ ናይትሮጅን ስለሚወስድ ቀጭን ጠንካራ ቆዳ ያወጣል። ይህን ቆዳ በግራይንደር ሳታነሱ ብታጥፉ ከጠርዙ ይሰነጠቃል፤ ብትበይዱት ደግሞ ብየዳው ቀዳዳ ቀዳዳ ይሆናል። ማዕዘኑን በተለይ ከሚለጠጠው ፊት በኩል ክብ አድርጉት። የውስጡ መታጠፊያ ራዲየስም ከብረቱ ውፍረት አይነስ።

ሌሎቹን ብረቶች ባጭሩ ልጥቀስ። አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ሲቀልጥ ቀለሙን አይቀይርም፤ ዓይናችሁን አምናችሁ አታሙቁት። ስቴንለስ ስቲል ሙቀት የሚያስተላልፈው በለስላሳው ብረት ሲሶ ገደማ ስለሆነና አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ስለሚሰፋ ክፉኛ ይጣመማል። ጋልቫናይዝድ ላይ ያለው ዚንክ በ907 ዲግሪ ይፈላል፤ ጢሱ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ያመጣል። ልባሱን አስቀድማችሁ አንሱ፣ አየር ባለበት ሥሩ።

ፕላዝማ ከተራ የብየዳ ማሽን በላይ ቮልቴጅ አለው፤ አርክ ሳይነሳ ከ200 ቮልት ያልፋል። ኖዝልና ኤሌክትሮድ ስትቀይሩ ማሽኑን ከመስመር አውጡት። ለዓይናችሁ ቁጥር 8 ጥቁር የብየዳ መስታወት እመክራለሁ። ነዳጅ ወይም ኬሚካል የነበረበትን በርሜል ባዶ ነው ብላችሁ አትንኩ። ክሎሪን ባለው ማጽጃ የታጠበ ብረትም በደንብ ሳይደርቅ አርክ አታስነሱበት፤ ፎስጂን የተባለ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። በአሴቲሊን ስትሠሩ ደግሞ ግፊቱ ከ1 ባር አይለፍ፤ ከዚያ በላይ በራሱ ሊፈነዳ ይችላል።

አጥፋችሁ ስትጨርሱ ብረቱን ውኃ ውስጥ አትክተቱት፤ በራሱ ጊዜ ይብረድ። በ400 ዲግሪ ያለ ብረት በቀን ብርሃን ምንም ቀይ አይታይበትም፤ ቀዝቃዛውን ይመስላል። በጠመኔ «ትኩስ» ብላችሁ ጻፉበትና ሰው ከማይረግጠው ጥግ አስቀምጡት።