ለቤት ኮምፒውተር የዲስክ አከፋፈል፦ ቦታውን ሁሉ በመጀመሪያው ቀን መመደብ ለምን እንደማይበጅ

ጠያቂያችን ያነሡት ጉዳይ ባጭሩ ይህ ነው። አንድ ቴራባይት ኤስኤስዲና 16 ጊጋባይት ራም ባለው የቤት ኮምፒውተር ላይ ሊኑክስ ብቻ ሊጭኑ አስበዋል፤ ለሩት (ሲስተሙ ለሚጫንበት)፣ ለሆም (የግል ፋይሎች ለሚቀመጡበት)፣ ለቫር (ሲስተሙና ፕሮግራሞች በየጊዜው የሚለዋወጥ መረጃ ለሚያከማቹበት) እና ለስዋፕ (ራም ሲሞላ ለሚያግዘው የዲስክ ቦታ) ስንት ስንት ጊጋባይት መስጠት እንደሚሻል፣ ኤልቪኤም (የዲስክን ቦታ መጠናቸው ሊለወጥ በሚችል ክፍሎች የሚያከፋፍል የሊኑክስ ሥርዓት) ለቤት ኮምፒውተር ትርፍ ድካም ይሆን እንደሆነ፣ ወደፊት ሁለተኛ ዲስክ ሲጨምሩስ ምን ማድረግ እንዳለባቸው ጠይቀዋል። የራሴንና የቤተሰቤን ኮምፒውተሮች ለዓመታት በኤልቪኤም ሳዘጋጅ ስለቆየሁ ከልምዴ ያገኘሁትን ላካፍል።

በእኔ እምነት «ስንት ልስጥ» ከሚለው ጥያቄ በፊት «የትኛውን ውሳኔ በኋላ ያለ ችግር መለወጥ እችላለሁ» የሚለው መቅደም አለበት። የአንድን ሎጂካል ቮልዩም (በኤልቪኤም የተፈጠረ የዲስክ ክፍል) መጠን ማሳደግ ኮምፒውተሩ ሥራ ላይ እያለ በአንድ ትእዛዝ የሚያልቅ ነገር ነው። መቀነስ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ኤክስት 4 የተባለው ፋይል ሲስተም (ፋይሎች በዲስክ ላይ የሚደራጁበት ሥርዓት) የሚቀነሰው አንማውንት ከተደረገ (ከአገልግሎት ውጭ ከሆነ) በኋላ ብቻ ስለሆነ፣ ሩትን ለመቀነስ ኮምፒውተሩን ከፍላሽ ማስነሣት ግድ ይላል፤ ኤክስኤፍኤስ የተባለውን ሌላ ፋይል ሲስተም መቀነስ ደግሞ በተግባር የማይታሰብ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቮልዩም ለጊዜው የሚበቃውን ያህል ብቻ ሰጥቶ፣ የቀረውን ቦታ በቮልዩም ግሩፑ (ቮልዩሞቹ ሁሉ ቦታ በሚያገኙበት የጋራ ክምችት) ውስጥ ለማንም ሳይመድቡ መተው ከሁሉ የተሻለ ዕቅድ ነው። ኤልቪኤም ለቤት ኮምፒውተር የሚጠቅመውም በዋናነት በዚህ ምክንያት ነው፤ ዲስኩን በሙሉ መጀመሪያውኑ ለሆም ከሰጡት ግን ከተራ ፓርቲሽን ብዙም የተለየ ጥቅም አያገኙበትም።

ከኤልቪኤም ውጭ የሚቀሩት ሁለት ትንንሽ ፓርቲሽኖች ግን በተቃራኒው ከመጀመሪያው ሰፋ ማለት አለባቸው። እነዚህም ኮምፒውተሩ ሲነሣ የሚጠቀምባቸው፣ በፋት 32 ፋይል ሲስተም የሚዘጋጀው የኢኤፍአይ ፓርቲሽንና የቡት ፓርቲሽን ሲሆኑ፣ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ጊጋባይት ቢሰጡ አይቆጭዎትም። ሁለቱም በዲስኩ መጀመሪያ ላይ ስለሚቀመጡና ከኋላቸው ሌላ ፓርቲሽን ስለሚከተል በኋላ ማስፋት አድካሚ ነው። በተለይ ቡት አዲስ ከርነል በተጫነ ቁጥር ከአሮጌዎቹ ጎን ሌላ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) እና ኢኒትራምኤፍኤስ (ለማስነሻ የሚረዳው ፋይል) ስለሚጨመርበት፣ ጠባብ ከሆነ አንድ ቀን አፕዴቱ መሐል ላይ ይቆማል። የፓርቲሽን ሠንጠረዡ (የዲስኩ አከፋፈል የሚመዘገብበት) ጂፒቲ ይሁን፤ የቀድሞው ኤምቢአር ከአራት በላይ ዋና ፓርቲሽኖችን አይቀበልም፣ በተለመደው የ512 ባይት ሴክተርም ከሁለት ቴራባይት በላይ ያለውን ቦታ መጠቀም አይችልም። ሌላው አስቀድሞ መወሰን ያለበት ምስጠራ ነው። ሉክስ የተባለው የሊኑክስ ምስጠራ በፓርቲሽኑና በኤልቪኤም መካከል ከገባ በአንድ የይለፍ ቃል ሁሉም ቮልዩሞች ይከፈታሉ፤ ሲስተሙ ከተጫነ በኋላ ለመጨመር ግን ብዙ ጣጣ አለው።

ወደ ቁጥሩ ስንመጣ፣ አንድ ቴራባይት ተብሎ የሚሸጠው ዲስክ ኮምፒውተሩ በ1024 እያባዛ ሲቆጥረው 931 ጊጋባይት ገደማ ነው። ከዚህ ውስጥ ለሩት 60፣ ለሆም 300 ጊጋባይት ይበቃል። ስዋፕ የሚወሰነው በአጠቃቀምዎ ነው፤ ሃይበርኔት (የራሙን ይዘት ዲስክ ላይ አስቀምጦ ኮምፒውተሩን ማጥፋት) የሚያደርጉ ከሆነ ከራሙ ትንሽ በልጦ 20 ቢሆን፣ የማያደርጉ ከሆነ ከ4 እስከ 8 ቢሆን ይበቃል። ስዋፑ 20 እንኳ ቢሆን ከ540 ጊጋባይት በላይ ሳይመደብ ይቀራል። ቫርን ለብቻው መለየት ለሰርቨር ጥሩ ልማድ ነው፤ ለቤት ኮምፒውተር ግን አልመክረውም። ዶከርም (ፕሮግራሞችን ለየብቻቸው ለይቶ የሚያሠራ መሣሪያ) ሆነ ለሲስተሙ የሚጫኑ ፍላትፓኮች (ከሚያስፈልጋቸው ነገር ጋር ታሽገው የሚመጡ ፕሮግራሞች) ዕቃቸውን የሚያከማቹት ቫር ውስጥ ስለሆነ፣ መጠኑን አስቀድሞ መገመት ያስቸግራል። ቨርቹዋል ማሽን (በኮምፒውተርዎ ውስጥ በሶፍትዌር የሚሠራ ሌላ ኮምፒውተር) መጠቀም ሲጀምሩ ለዲስክ ፋይሎቹ የራሳቸውን ቮልዩም ከነጻው ቦታ ቢፈጥሩ ይሻላል።

ነጻው ቦታ እንዴት እንደሚሠራ በምሳሌ ላሳይ። ሩት ቀስ በቀስ ሞልቶ ዲኤፍ የሚለው ትእዛዝ 97 በመቶ አሳየ እንበል። መጀመሪያ በቪጂኤስ ትእዛዝ ግሩፑ ውስጥ ስንት ነጻ ቦታ እንዳለ ያያሉ፤ ከዚያ ኤልቪኤክስቴንድ በሚለው ትእዛዝ ሩት ላይ 20 ጊጋባይት ይጨምራሉ። እዚህ ላይ ትንሿን የአር አማራጭ መጨመር አይርሱ፤ ቮልዩሙን ብቻ ሳይሆን በላዩ ያለውን ፋይል ሲስተምም አብራ የምታሳድገው እርሷ ናት። ያለ እርሷ ቮልዩሙ 80 ሆኖ ሳለ ዲኤፍ አሁንም 60 ያሳያል፤ ብዙ ሰውም ትእዛዙ ያልሠራ ይመስለዋል። በትክክል ከሄደ ግን ኮምፒውተሩን ሪስታርት ማድረግ፣ የተከፈተ ሰነድ መዝጋት እንኳ ሳያስፈልግ፣ ሩት ወደ 73 በመቶ ገደማ ይወርዳል።

ያልተመደበው ቦታ ሌላም አገልግሎት አለው። ከትልቅ አፕግሬድ በፊት የሩትን ስናፕሾት (በዚያች ሰዓት የነበረበትን ሁኔታ የሚይዝ ቅጂ) በ15 ወይም በ20 ጊጋባይት መፍጠር ይቻላል፤ አፕግሬዱ ከተበላሸ ስናፕሾቱን መልሶ በማዋሐድ ሩትን ወደነበረበት መመለስ ነው። ሁለት ነገሮችን ግን ልብ ይበሉ። አንደኛ፣ ቡት ከኤልቪኤም ውጭ ስለሆነ ስናፕሾቱ አይነካውም፤ ሩት ወደ ኋላ ሲመለስ ቡት ውስጥ ያለው ከርነል አዲሱ ሆኖ እንዳይቀር የቡትንም ቅጂ አስቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ ስናፕሾቱ የተሰጠው ቦታ ከሞላ ከጥቅም ውጭ ይሆናል፤ እስካለ ድረስም ጽሕፈትን ያዘገያል። ስለዚህ ሥራው በሰላም ሲያልቅ ወዲያው ያጥፉት። ስናፕሾት እዚያው ዲስክ ላይ ያለ ስለሆነ ባክአፕን አይተካም።

ስለ ሁለተኛው ዲስክ አጥብቄ የምመክረው፣ በዚያው ቮልዩም ግሩፕ ውስጥ ጨምረው ሆምን በሁለቱ ዲስኮች ላይ እንዳይዘረጉት ነው። ይህን ማድረግ በጣም ቀላል ነው፤ አደጋውም ከቅለቱ ይመጣል። በሁለት ዲስኮች ላይ የተዘረጋ ተራ ቮልዩም አንዱ ዲስክ ሲሞት በሌላው ላይ ያለውንም ፋይል ይዞ ይሄዳልና። ለአዲሱ ዲስክ የራሱን ግሩፕ ይፍጠሩለት፤ የሆምን ባክአፕ ወይም እንደ ቪዲዮ ያሉ ትልልቅ ፋይሎችን ያስቀምጡበት። ዓላማዎ የድሮውን ዲስክ መተካት ከሆነ ግን ለጊዜው ወደ አንድ ግሩፕ ማስገባት ተገቢ ነው፤ ፒቪሙቭ የተባለው ትእዛዝ መረጃውን ኮምፒውተሩ እየሠራ ወደ አዲሱ ያዛውርልዎታል፣ ከዚያም የድሮውን በቪጂሪዲዩስ ትእዛዝ ያስወጣሉ። የኢኤፍአይና የቡት ፓርቲሽኖች ግን በዚህ መንገድ ስለማይዛወሩ ለብቻቸው መዘጋጀት አለባቸው።

ቢቲአርኤፍኤስ የተባለውን ፋይል ሲስተም የመረጡ እንደሆነ ንዑስ ቮልዩሞቹ አንዱን ቦታ በጋራ ስለሚጠቀሙ ይህ ሁሉ ስሌት በአብዛኛው አያስፈልግም፤ ኤክስት 4 ከሆነ ምርጫዎ ግን ኤልቪኤም ይበጃል።

በመጨረሻም፣ ሲጭኑ ለቮልዩም ግሩፑ የራስዎን ስም ይስጡት። የመጫኛው ፕሮግራም የሚያቀርበውን ስም እንዳለ ከተቀበሉ፣ ይህን ዲስክ በሌላ ጊዜ ተመሳሳይ ስም ካለው ኮምፒውተር ጋር ሲያገናኙት ስሞቹ ይጋጫሉ፤ ያን ጊዜ አንዱን በዩዩአይዲው (በልዩ መለያ ቁጥሩ) ለይተው ስሙን ካልቀየሩት ፋይሎችዎን ለመክፈት ይቸገራሉ።