ቬሎዬን ራሴ ብሰፋውስ?

ጥያቄ፦ ልብስ የምሰፋው ለራሴ ደስታ ነው። ቀሚስ፣ ሸሚዝ፣ ገበር ያለው ጃኬትም ሰፍቻለሁ፤ በገንዘብ ግን ለማንም ሰፍቼ አላውቅም። ሠርጌ ከሰባት ወር በኋላ ነው። ቬሎዬን ራሴ ልሰፋ ነው ስል ታላቅ እህቴ «የሚያስጨንቅሽ አጣሽ?» ብላ ሳቀችብኝ። የምፈልገው ማንገቻ የሌለው፣ ደረቱ ላይ ዳንቴል ያለበት፣ ከወገብ በታች ሰፋ የሚል የሳቲን ቬሎ ነው። እችለው ይሆን? ከየትስ ብጀምር ይሻላል ይላሉ?
ስሜ ይቆይ

መልስ፦ ትችያለሽ። ገበር ያለው ጃኬት ላይ እጅጌ ገጥማ ያወቀች ሴት ቬሎ አያቅታትም፤ እንዲያውም ማንገቻ የሌለው ቬሎ እጅጌም ኮሌታም የለውም። እህትሽን ግን እንዳትቀየሚያት፣ ትፈልጊያታለሽ። ሰው የራሱን ጀርባ መለካት አይችልም። ለማየት ዞር ባልሽ ቁጥር ጨርቁም አብሮሽ ይዞራል፣ ልክ የነበረው ይዛነፋል። ስለዚህ ከኋላሽ ቆማ ስፒል የምትሰካልሽ እሷ ትሁን።

ሳቲኑን አሁን አትንኪው። መጀመሪያ ሙሉውን ቬሎ በአቡጀዲ ስፊው። ብዙ ሰው ይህን ሥራ እንደ ትርፍ ድካም ያየዋል፤ ለእኔ ግን ዋናው ስፌት ይሄ ነው፣ ሳቲኑ ግልባጭ ነው። የስፌት ትርፉን 3 ሴንቲ ያህል ተይለት፤ ማሽኑን ረጅም ስፌት ላይ አድርጊው፣ ብዙ ጊዜ ስለምትተረትሪው። የወገቡንና የፊቱን መሐል መስመር በእርሳስ አስምሪበት። ስትለኪው የሠርጉ ዕለት የምታደርጊውን ጡት ማስያዣና ጫማ አድርገሽ ይሁን። ጡት ማስያዣ ሲቀየር የደረትሽ ከፍታ ይቀየራል፣ ያኔ ያ ሁሉ ልኬት ከንቱ ነው።

ከዚያ መስታወት ፊት ቆመሽ ብቻ አትፍረጂ። ተቀመጪበት፣ ጎንበስ በይበት፣ እጅሽን ሰቅለሽ ሰው እንደማቀፍ አድርጊ፣ ደረጃ ውጪበት። ጨርቁ የጎደለውን ራሱ ይናገራል። እጥፋቱ በአግድም ከተሸበሸበ ጠቦሻል፤ ወደታች ከተንጠለጠለ ሰፍቶሻል፤ በሰያፍ ከተሳበ ደግሞ መስመሩን በጣትሽ ተከተይው፣ ችግሩ ያለበት ቦታ ያደርስሻል። ሲስተካከል ያን ሁሉ በእርሳስ ምልክት አድርገሽ ተርትሪውና ተኩሺው። ከእንግዲህ ፓተርንሽ፣ ማለትም ሳቲኑን የምትቆርጪበት ልክ፣ እሱ ነው፤ ከመደብር የተገዛውን የፓተርን ወረቀት አስቀምጪው።

አሁን ወደ ማንገቻው። ማንገቻ የሌለው ልብስ በጡት የሚያዝ ይመስላል፣ ግን የሚያዘው በወገብ ነው። እየወረደ ቀኑን ሙሉ ወደ ላይ ሲጎትቱት የሚውሉት ቬሎ ሁሉ ይህ የተረሳበት ነው። ስለዚህ ከውጪው ልብስ ሥር ጠንከር ካለ የጥጥ ጨርቅ ሌላ ልክክ ያለ የውስጥ ደረት ትሰፊያለሽ። በስፌቶቹ መስመር ላይ ቀጥ አድርጎ የሚያቆመውን ሽቦ በጨርቅ ቱቦ ውስጥ ታስገቢያለሽ። ፕላስቲክም አለ፣ ይረክሳል፣ ግን በሰውነት ሙቀት ይጎብጥና ጎብጦ ይቀራል፤ እንደ ስፕሪንግ የተጠማዘዘው ብረት ግን ወደ ጎንም ወደ ፊትም ታጥፎ ይመለሳል። ሽቦው ከስፌቱ 1 ሴንቲ ገደማ ይጠር፤ አለዚያ ብብትሽን ሲወጋሽ ይውላል።

ወገቡ ላይ ደግሞ 2.5 ሴንቲ ስፋት ያለው፣ የማይሳብ ጠንካራ ጥብጣብ አዙሪ። ዙሪያውን ሙሉ አትስፊው፤ ስፌቶቹ ላይ ብቻ በእጅ ያዝ ያዝ አድርጊው፣ ከኋላ ዚፑ አጠገብ ነፃ ይሁን። ልኩ ወገብሽን ጥብቅ አድርጎ የሚይዝ ይሁን፣ ጫፎቹ ላይ መንጠቆ ይደረግለት። ስትለብሺ መጀመሪያ መንጠቆውን ታያይዣለሽ፤ ልብሱ እዚያው ይቆማል፣ ዚፑም ሳይታገል ይወጣል። የሰፋሁላቸው ሙሽሮች ይቺን መንጠቆ ሲያያይዙ ትከሻቸው ሲላላ አያለሁ።

እንዲያውም ብትሰሚኝ ዚፑን ተይውና ከኋላ በጥብጣብ የሚታሰር አድርጊው። በሰባት ወር ውስጥ ሰውነትሽ ቢቀንስም ቢጨምርም ጥቂት ሴንቲ ጥብጣቡ ይሸፍንልሻል።

ሳቲን ስፒል የገባበትን ቀዳዳ ይዞ ይቀራል፣ የተተረተረ ስፌትም ያሳያል። ስፒሉን የስፌት ትርፉ ውስጥ ብቻ ስኪ፤ መርፌሽ አዲስና ቀጭን፣ 70 ቁጥር ይሁን። ካውያ ከማስነካትሽ በፊት በቁራጭ ሞክሪ። ሐር ከሆነ የውሃ ጠብታ ምልክት ሊተውበት ይችላል፣ ፖሊስተር ከሆነ ደግሞ ሲግል ይቀልጣል። ሁልጊዜ በውስጥ በኩል፣ ጨርቅ አልብሰሽ ተኩሺ። ጨርቁንም የሚበቃሽን ያህል በአንዴ ከአንድ ጥቅል ግዢ፤ ነጭ ሁሉ አንድ ነጭ አይደለም።

ዳንቴሉ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ የምወደው ስለሆነ። የጎኑን ስፌት እንደ ሌላ ጨርቅ ቀጥ አድርገሽ ብትሰፊው አበቦቹ መሐላቸው ተቆርጦ ስፌቱ ከሩቅ ይታያል። ይልቅ የፊቱን ዳንቴል ጎኑ ጋ ስትደርሺ የአበባውን ዙሪያ ተከትለሽ ቁረጪ፣ በኋላው ዳንቴል ላይ ደርቢውና ጠርዝ ጠርዙን በቀጭን ክር በእጅ ስፊው። ከሥር የቀረውን ትርፍ መረብ በትንሽ መቀስ አንሺው። ሲያልቅ ስፌቱ የት እንደነበር አንቺም ትፈልጊዋለሽ። በማሽን ዚግዛግም ይሠራል የሚሉ አሉ። ይሠራል፣ ግን ያስታውቃል።

የታችኛው ጠርዝ የመጨረሻ ሥራ ነው። ቬሎውን አንድ ሁለት ቀን ሰቅለሽ አቆዪው፤ በሰያፍ የተቆረጠው ቦታ በራሱ ክብደት ይወርዳል። ከወረደ በኋላ ጫማሽን አድርገሽ፣ እህትሽ ከወለሉ ጀምራ በማስመሪያ ወደ ላይ ትለካልሽ።

አቡጀዲው ሠርጉ ሦስት ወር ሲቀረው ልክ ካልሆነ ግትር አትሁኚ፤ ማንገቻ ጨምሪበት።

ጥያቄ፦ ለእጮኛዬ ቬሎ የምሰፋላት እኔ ነኝ፤ ስፌት የእረፍት ጊዜ ሥራዬ ነው። የሳቲኑን ቀሚስ ስድስት ቁራጭ ቆርጬ ሳጋጥመው ሁለቱ ጠቆር ብለው ታዩኝ። ጨርቁ ከአንድ ጥቅል የተገዛ ነው። ምን ሆኖ ነው?

መልስ፦ ጨርቅ ለመቆጠብ ብለህ ሁለቱን ገልብጠህ ቆርጠሃቸዋል። ሳቲን ብርሃን የሚመልሰው እንደ አቅጣጫው ነው፤ የሁሉም ቁራጭ የላይኛው ጫፍ ወደ አንድ ወገን መሆን ነበረበት። ጨርቅ ከተረፈህ እንደገና ቁረጥ። ካልተረፈህ ሁለቱን የግራና የቀኝ ጎን አድርጋቸው። ፊትና ኋላው ፈካ፣ ጎንና ጎኑ ደብዘዝ ሲል ሆን ተብሎ የተሠራ ይመስላል፣ ወገቧንም ቀጠን ያደርግላታል። አንዱን ፊት ላይ፣ አንዱን ኋላ ካደረግከው ግን ማንም ያይብሃል።

ጥያቄ፦ የራሴን ቬሎ ጨረስኩ፣ አማረልኝ። አሁን ጓደኛዬ «የኔንም ስፊልኝ» አለችኝ። ሠርጓ ስድስት ሳምንት ነው የቀረው። እምቢ ማለት ከበደኝ።

መልስ፦ ለራስሽ ስትሰፊ ማታ ማታም፣ በፈለግሽው ሰዓት ለክተሻል። እሷን ግን ለእያንዳንዱ ልኬት መቅጠር አለብሽ፤ ሠርጓ የደረሰ ሰው ደግሞ ቀጠሮ ያፈርሳል። በስድስት ሳምንት አይሆንም በያት። ከከበደሽ አቡጀዲውን ስፊላትና በልኳ አስተካክይላት፤ ያን ይዛ ወደ ልብስ ሰፊ ትሂድ። ሰፊውም ያመሰግንሻል።