ሰካራም ያለበት ልብ ወለድ፣ መስቀል የሌለበት በርጩማ

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ከእርስዎ ጋር ይሁን። የምኖረው ጅማ ነው። የምተዳደረው በእንጨት ሥራ ነው፤ በርጩማ፣ ረከቦት፣ አንዳንዴም ወንበር እሠራለሁ። ማታ ማታ ደግሞ አጫጭር ልብ ወለድ እጽፋለሁ። በቅርቡ አንዱን ለጸሎት ቡድናችን አነበብኩላቸው። ታሪኩ ልጁን ትምህርት ቤት የሚያስመዘግብበትን ብር ጠጥቶበት ስለገባ አባት ነው። አንዲት እህት «ካቶሊክ ሆነህ እንዲህ ዓይነት ነገር ትጽፋለህ? ቢያንስ መጨረሻው ላይ ንስሐ ይግባ እንጂ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ሁሉም ነገር ያጠራጥረኝ ጀመር። በርጩማዎቼ ላይ መስቀል አልቀርጽም፤ ደንበኞቼ በብዛት ሙስሊሞች ናቸው። እምነቴን መደበቄ ይሆን? ለቁምስናችን (ለአጥቢያ ቤተ ክርስቲያናችን) የእመቤታችንን ምስል በእንጨት ልቀርጽ አስቤም ነበር። ግማሹ «ገንዘቡ ለድሃ ይሁን» ይላል፤ ግማሹ «ከውጭ እንደሚመጣው አያምርም» ይላል። ለመሆኑ ለእኛ ለካቶሊኮች ውበት ምንድን ነው? ቅንጦት ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አራት ጥያቄ በአንድ ደብዳቤ ልከህልኛል። ብዙ የምለው ስላለኝ ከልብ ወለዱ ልጀምር።

እህታችን የተናገረችው ከክፋት እንዳልሆነ አምናለሁ። ክርስቲያን የሚጽፈው ነገር ሰውን ማነጽ አለበት ማለቷ ነው፤ እዚህ ላይ ልክ ናት። ግን «ማነጽ» ማለት ሰካራሙን በመጨረሻው ገጽ ላይ ተንበርክኮ እንዲያለቅስ ማድረግ ነው ያለው ማን ነው? እስቲ መጽሐፍ ቅዱስን አውጣና ሁለተኛ ሳሙኤል 11ን አንብብ። ዳዊት ሰገነት ላይ ወጣ። ሴትየዋን አየ። አስመጣት። አረገዘች። ባሏን ኦርዮን ከጦር ሜዳ ጠርቶ ቤቱ እንዲያድር ለመነው፤ እምቢ ሲለው አሰከረው፤ አሁንም እምቢ አለ። በመጨረሻ የመሞቻውን ደብዳቤ በገዛ እጁ አስይዞ ላከው። ጸሐፊው መሃል ገብቶ «ወገኖቼ፣ ከዚህ የምንማረው» አይልም። ነገሩን እንደሆነው ያወርደዋል። ዳዊት የሠራው እግዚአብሔርን ደስ እንዳላሰኘው የሚነግረን መጨረሻ ላይ በአንዲት ዓረፍተ ነገር ነው።

ከዚያ ናታን መጣ። ነቢዩ ምን ይዞ መጣ? ተረት! አንድ ባለጠጋና አንድ ድሃ ነበሩ። ድሃው አንዲት ትንሽ በግ ብቻ ነበረችው፤ ከእንጀራው ትበላለች፣ ከጽዋው ትጠጣለች፣ በብብቱ ትተኛለች። ባለጠጋው እንግዳ ሲመጣበት የራሱን በጎች ተወና የድሃውን በግ አረደ። ዳዊት ይህን ሲሰማ በቁጣ ነደደ፤ በገዛ አፉም ፈረደ። ናታን «ያ ሰው አንተ ነህ» ያለው ከዚያ በኋላ ነው። ቤተ መንግሥት ገብቶ «አመንዝረሃል፣ ገድለሃል» ብሎ ቢጀምር ኖሮ ንጉሡ ምን ያደርገው እንደነበር እንጃ። የበጓ ታሪክ ግን ዳዊት በሩን ሳይዘጋ ውስጡ ገባ።

«ንስሐ ይግባ» ለሚለውም መልስ የምታገኘው ጌታችን ራሱ በተረከው ታሪክ ነው። በሉቃስ 15 ታናሹ ልጅ ተመልሶ ድግስ ተደገሰለት። ታላቁ ተቆጥቶ ደጅ ቀረ። አባትየው ወጥቶ ለመነው። ከዚያስ? ገባ ወይስ እንደተኮራረፈ ቀረ? ጌታ አልነገረንም፤ ታሪኩ እዚያው ላይ አለቀ። ሲያዳምጡት ከነበሩት መካከል ፈሪሳውያን ነበሩ፤ መልሱን እነሱ እንዲሰጡ ለእነሱ ተወላቸው። ስለዚህ ያንተ ሰካራም አባት ደጁ ላይ ቆሞ ታሪኩ ቢያልቅ ኃጢአት አልሠራህም።

ይህ የእኔ አስተያየት ብቻ አይደለም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት (ር.ሊ.ጳ.) ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1999 ለአርቲስቶች በጻፉት መልእክት፣ ከያኒው የነፍስን ጨለማና የክፋትን አስደንጋጭ ገጽታ በሚመረምርበት ጊዜ እንኳ የሰው ልጅ ሁሉ ለሚናፍቀው ድኅነት ድምፅ እንደሚሆን ጽፈዋል። እሳቸው ይህን ከሩቅ ሆነው አይደለም የጻፉት። በወጣትነታቸው፣ ናዚዎች ፖላንድን በያዙበት ጊዜ፣ ክራኮቭ ውስጥ በድብቅ ቴያትር ሲሠሩ ነበር። ግጥምና ተውኔትም ጽፈዋል።

ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስም እ.ኤ.አ. በ2024 ስለ ሥነ ጽሑፍ ጥቅም ደብዳቤ ጽፈው ነበር። መጀመሪያ ያሰቡት ለዘርአ ክህነት ተማሪዎች፣ ማለትም ለካህንነት ለሚሠለጥኑት ነበር፤ በኋላ ግን ለክርስቲያኖች ሁሉ እንዲሆን አደረጉት። ልብ ወለድና ግጥም ማንበብ የሌላውን ሰው ልብ እንድንሰማ ያሠለጥነናል ይላሉ። እሳቸውም በ28 ዓመታቸው በአርጀንቲና ሳንታፌ ሥነ ጽሑፍ አስተምረዋል።

አንድ ልጨምርልህ። ጣሊያናዊው ባለቅኔ ዳንቴ በግጥሙ ውስጥ አንድ ር.ሊ.ጳጳሳትን፣ ኒቆላዎስ 3ኛን፣ ሲኦል አስገብቶ በጭንቅላታቸው ዘቅዝቆ አቁሟቸዋል። ቤተ ክርስቲያን ምን አለች? ዳንቴ በሞተ በ600 ዓመቱ በነዲክቶስ 15ኛ፣ በ700 ዓመቱ ደግሞ ፍራንቸስኮስ እሱን የሚያከብር መልእክት ጻፉ። የጸሎት ቡድናችሁ በአንድ ሰካራም ባይደነግጥ ጥሩ ነው!

ግን አንድ ወሰን አለ። ኃጢአትን ማሳየት ሌላ፣ ኃጢአትን ማስጎምጀት ሌላ ነው። የዳዊትን ታሪክ አንብቦ በቤርሳቤህ ገላ የሚጎመጅ የለም፤ የሚያስለቅሰን ኦርዮ ነው። አንተም ታሪክህን እንደገና ስታነበው ዓይንህ የት እንደሚያርፍ እይ። ጠርሙሱ ላይ ነው ወይስ ልጁ ላይ? አባትየውን እንዲያው ለማዋረድ ብለህ ከሆነ የፈጠርከው፣ እሱም ችግር ነው። እግዚአብሔር ያልጠላውን ሰው ደራሲው ሊጠላው አይገባም።

ወደ በርጩማው ልምጣ። ይህንን በአጭሩ እመልሳለሁ፤ እምነትህን አልደበቅክም። የሙስሊም ጎረቤትህ ሳሎን ውስጥ የሚቀመጥ በርጩማ ላይ መስቀል ባለመቅረጽህ ማንንም አልካድክም። እዚህ ጅማ ስንኖር ቡናውንም ለቅሶውንም አብረን ነው። ይልቅስ አንተን ከሌላው ሠራተኛ መለየት ያለበት ሌላ ነገር አለ።

የጅማ በርጩማ መቀመጫውም ሦስቱም እግሮቹ የሚወጡት ከአንድ ግንድ ነው። በሚስማር የተያያዘ ነገር የለውም። ስለዚህ እንጨቱ በደንብ ሳይደርቅ የተፈለፈለ እንደሆነ ቆይቶ ይሰነጠቃል። ታዲያ ገበያ ላይ ምን ይደረጋል? አንተ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ። ስንጥቁ በሰጋቱራና በኮላ ይደፈናል፤ በብርጭቆ ወረቀት ይታሻል፤ ከላዩ ወፈር ያለ ቫርኒሽ ይቀባል። ያብለጨልጫል። ደንበኛው ደስ ብሎት ይዞት ይሄዳል። ጥቂት ወራት ቆይቶ አንዱ እግር ይከዳዋል። ጌታ በማቴዎስ 23 በኖራ ስለተለሰኑ መቃብሮች የተናገረው እንዲህ ላለው ሥራ ጭምር ይመስለኛል። እንዲህ ያለው በርጩማ ላይ መስቀል ብትቀርጽበት ይብሳል እንጂ አይሻልም፤ በጌታ መስቀል እያጭበረበርክ ነው። መስቀል የሌለበት፣ በደረቀ ዋንዛ በደንብ የተሠራው ግን የአማኝ ሥራ ነው፤ ሥር ሥሩ ሳይቀር የተላገ።

ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖ አንድን ነገር ውብ የሚያሰኘው ሦስት ነገር ነው ይላል፤ ያልጎደለ መሆኑ፣ ክፍሎቹ እርስ በርስ መመጣጠናቸውና ብሩህነቱ። ከሦስቱ ውስጥ ጌጥ የሚባል የለም። የቤተ ክርስቲያናችን ትምህርተ ክርስቶስም (ከቁጥር 2500 እስከ 2503) ስለ ውበት የሚናገረው የት ቦታ መሰለህ? ስምንተኛው ትእዛዝ ሥር ነው፤ «በሐሰት አትመስክር» በሚለው። ውበትና እውነት አንድ ቤት ውስጥ ነው የተቀመጡት። የተደፈነው ስንጥቅ የሐሰት ምስክርነት ነው የምልህ ለዚህ ነው።

ደግሞ ሙያህን አትናቅ። ኦሪት ዘጸአት 31 ላይ እግዚአብሔር መንፈሱን እንደሞላበት በስሙ ጠርቶ የሚናገርለት ሰው ካህን ወይም ነቢይ አይደለም። ባስልኤል የሚባል የእጅ ባለሙያ ነው። ወርቅ ያነጥራል፣ ዕንቁ ይፈለፍላል፣ እንጨት ይጠርባል። ጌታችንንም የናዝሬት ሰዎች የሚያውቁት በጸራቢነቱ ነበር።

አሁን ወደ ምስሉ። «ገንዘቡ ለድሃ ይሁን» ያሉህን ሰዎች ቸል አትበላቸው። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ የማቴዎስን ወንጌል ሲተረጉም፣ ክርስቶስን በቤተ መቅደስ ውስጥ በሐር እያከበርከው፣ ደጅ ላይ በብርድ ሲራቆት አልፈኸው አትሂድ ብሎ ገሥጿል። ይህ ቃል ዛሬም ያስፈራኛል። ቅዳሴ ወጥተን የቤተ ክርስቲያኑን በር ስንሻገር የሚያጋጥመንን ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን ዮሐንስ 12ም አለ። ማርያም የሦስት መቶ ዲናር ሽቱ በጌታ እግር ላይ ስታፈስ «ለድሆች ለምን አልተሰጠም?» ያለው ይሁዳ ነበር። ጌታም «ተዉአት» አለ። ሁለቱን አንድ ላይ ያዛቸው። ድሃውም ቢሆን እንጀራ ብቻ አይደለም የሚፈልገው። ሀብታሙ ሳሎኑ ውስጥ የፈለገውን ይሰቅላል። አንዲት ጉሊት ቸርቻሪ እናት ግን ያለ ክፍያ ገብታ፣ ቁጭ ብላ፣ ቆንጆ ነገር አይታ የምትወጣበት ቤት ቤተ ክርስቲያን ነው። እሱንም አንንፈጋት።

ወጪውን ደግሞ አታጋንኑት። አንድ ግንድና ያንተ ጉልበት ነው። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1963 ስለ ቅዱስ ሥርዓተ አምልኮ ባወጣው ሰነድ፣ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ መፈለግ ያለበት ክቡር ውበት እንጂ ለታይታ የሚወጣ ብዙ ወጪ አይደለም ይላል። በነገራችን ላይ እኔን የሚያስከፋኝ አቧራ የጠገበ የፕላስቲክ አበባ ነው። ጅማ ተቀምጠን፣ አጥሩ ሁሉ አበባ በሆነበት አገር፣ በመንበሩ ፊት ፕላስቲክ! ማንም ሰው ቤቱ ለሚመጣ እንግዳ ቄጠማ ጎዝጉዞ፣ ዕጣን አጢሶ፣ ስኒውን አጥቦ ነው ቡና የሚያፈላው። ለእንግዳ የማንነፍገውን ለጌታ ለምን እንነፍገዋለን?

«ከውጭ እንደሚመጣው አያምርም» ለሚሉህ ደግሞ ያው የጉባኤ ሰነድ መልስ አለው። ቤተ ክርስቲያን የትኛውንም የአሠራር ስልት የራሷ ብቻ አድርጋ አልወሰደችም፤ የየሕዝቡን ተፈጥሮና ባህል ተቀብላለች። እንዲያውም አንድ ደስ የሚል ታሪክ አለ። ሮም ውስጥ በቅድስት ማርያም ማጆሬ ባዚሊካ አንድ ጥንታዊ የእመቤታችን ሥዕል አለ። ልጇን ታቅፋ፣ እጆቿን ከፊቷ አጣምራ የምትታይበት። ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ በየጊዜው ሄደው ይጸልዩበት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2025 የተቀበሩትም እዚያው ባዚሊካ ነው። የዚህ ሥዕል ቅጂ በኢየሱሳውያን (ጀስዊት) ሚስዮናውያን በኩል ወደ አገራችን ገባ። ሚስዮናውያኑ በ17ኛው መቶ ዘመን ከአገር ተባረሩ። ሥዕሉ ግን ቀረ። የእኛ ሠዓሊዎች ዓይኗን ትልልቅ አደረጉት፣ በአገሩ ቀለም ቀቡት፣ በየገዳሙና በየአድባራቱ አደረሱት። ዛሬ ኦርቶዶክስ ወንድሞቻችን ቤት ስትገባ የምታያት እመቤታችን ብዙ ጊዜ እጇን እንደዚያው አጣምራ ነው። ታዲያ ያኔ ሮማዊቷ ሥዕል በኢትዮጵያዊ እጅ ካማረች፣ ያንተ በዋንዛ ብትቀረጽ ምን ነውር አለው?

ግን በዚህም ቢሆን ውበትን ከቆንጆ መልክ ጋር አታምታታው። መዝሙር 45 ስለ ንጉሡ ከሰው ልጆች ይልቅ ውብ ነህ ይላል። ኢሳይያስ 53 ደግሞ መልክና ውበት የለውም ይላል። ቤተ ክርስቲያን ሁለቱንም ለአንዱ ለክርስቶስ አድርጋ ታነባቸዋለች። ስለዚህ ቅዱሳት ምስሎች ሁሉ ፈገግ ያሉ፣ ጉንጫቸው የቀላ መሆን የለባቸውም። ልጇ እንደሚሰቀል የምታውቅ እናት ፊት ላይ ሐዘን ቢታይ አያሳፍርም። እንደ እኔ እንደ እኔ፣ ለገበያ በብዛት ከሚታተሙት ሥዕሎች አብዛኞቹ ጣፋጭ ከመሆናቸው የተነሳ ለመጸለይ ያስቸግራሉ።

ቅንጦት ነው ወይ ላልከው፣ አይደለም። ቅዱስ አውጎስጢኖስ እግዚአብሔርን ራሱን «ጥንታዊና ሁልጊዜ አዲስ የሆንህ ውበት ሆይ» ብሎ ነው የሚጠራው። «ዘግይቼ ወደድኩህ» ይለዋል። ግን እዚያው ላይ ስሕተቱንም ይናገራል፤ እግዚአብሔር የፈጠራቸውን ውብ ነገሮች ሲያሳድድ ፈጣሪያቸውን ረስቶት ነበር። ውበት ጣዖት የሚሆነው እንደዚያ ሲሆን ነው።

ለምስሉ እንዲህ አድርግ። መጀመሪያ ንድፉን በወረቀት ሥራና ለቆሞሱ አሳያቸው። ለአምልኮ ቦታ የሚሆን ሥራ በቤተ ክርስቲያን ኃላፊዎች መታየት አለበት፤ ይህ ሕግ አንተን ላለማመን የወጣ አይደለም። መቼ እንደሚባረክና የት እንደሚቆምም እሳቸው ይነግሩሃል። ከእህታችን ጋር ደግሞ ሉቃስ 15ን አብራችሁ አንብቡ። ታላቁ ልጅ ገባ ወይስ አልገባም ብለህ ጠይቃት። ምን እንደመለሰችልህ ብትጽፍልኝ ደስ ይለኛል።