ላክቶኮከሱ ወተት ላይ ለምን አላድግ አለ? ስለ አሚኖ አሲድ አገባብ

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽን አሁን ነው ያየሁት። ከእርጎ የለየሽው ላክቶኮከስ ላክቲስ የሚባለው ባክቴሪያ ኤም 17 (ላብ ውስጥ የምናሳድግበት ሚዲያ) ላይ በአንድ ሌሊት ድፍርስ ይልና ወተት ላይ ሲሆን ሁለት ቀን ሙሉ አይረጋም፣ ግሉታሜትም ሉሲንም ቫሊንም ጨመርሽ አሁንም ያው ነው፣ «አሚኖ አሲድ እየሰጠሁት ለምን አያድግም» ነው ያልሽው አይደል? እኔም ማስተርሴን ስሰራ ይሄው ነገር ገጥሞኝ ሁለት ወር ስለበላብኝ ሰፋ አድርጌ ልጻፍልሽ።

ሚዲያው ውስጥ አለ ማለት እኮ ሴሉ ውስጥ ገባ ማለት አይደለም። ሜምብሬኑ ቅባት ነው፣ አሚኖ አሲድ ደግሞ ቻርጅ ስላለው ዝም ብሎ ሰንጥቆ አያልፍም፣ የሚያስገባው ፕሮቲን ይፈልጋል፣ እና እነዚህ አስገቢዎች ጸባያቸው አንድ አይደለም። ሉሲን፣ ኢሶሉሲንና ቫሊን ከፕሮቶን ጋር ተያይዘው ነው የሚገቡት፣ ውጪ ያለው ፕሮቶን ወደ ውስጥ ሲመለስ እነሱን ይዞ ይገባል። ያ ፕሮቶን ግን መጀመሪያ መውጣት አለበት፣ ይሄ ባክቴሪያ እንደሌሎቹ ስለማይተነፍስ ከስኳር ያገኘውን ኤቲፒ (የሴሉን ጉልበት) ራሱን እያቃጠለ ነው ፕሮቶን የሚያስወጣው። ስለዚ ስኳር ካልበላ አሚኖ አሲድም አይገባለትም፣ ሁለቱ የተያያዙ ናቸው። ሌላው ሶስቱም በአንድ አስገቢ ስለሚሻሙ አንዱን አብዝተሽ ካፈሰስሽ ሌሎቹን ትገፊያቸዋለሽ፣ ሉሲን ብቻ ማብዛት ቫሊኑን ያስርበዋል።

ግሉታሜት ላይ ትንሽ ልቆይ፣ እኔን ያሳሳተኝ እሱ ነው። ይሄን በደንብ ያጠኑት ኔዘርላንድ ግሮኒንገን ዩኒቨርሲቲ የነበሩት እነ ዊል ኮኒንግስና በርት ፑልማን ናቸው፣ ግሉታሜት በኤቲፒ ነው የሚገባው፣ ደግሞ ፕሮቶን የያዘው ቅርጹ ብቻ ነው የሚያልፈው። አሁን አስቢው፣ የጎን ካርቦክሲሉ (ፕሮቶን የሚይዘውና የሚለቀው ክፍሉ) ፒኬኤ፣ ማለትም ግማሹ ፕሮቶን ይዞ የሚገኝበት ፒኤች፣ 4.2 አካባቢ ነው፣ ፒኤች 5.2 ላይ ከአስር አንዱ ያህል ነው ፕሮቶን የያዘው፣ 6.2 ላይ ከመቶ አንዱ፣ 7.2 ላይ ከሺ አንዱ። አንቺ 6.8 ላይ ባፈር አድርገሽ ግራም በግራም ብትጨምሪ ከሱ ውስጥ በሩን የሚያልፈው እፍኝ አይሞላም። እኔ እያበዛሁ እያበዛሁ ሄጄ ምንም ጠብ አላለም፣ በመጨረሻ ግሉታሚን ሳደርግ ነው የተንቀሳቀሰው፣ ምክንያቱም በዛው አስገቢ ይገባል ግን የጎኑ አማይድ ፒኤች አያስቸግረውም። ግሉታሚን ኦቶክሌቭ (በትኩስ እንፋሎት የሚያመክነው ማሽን) ውስጥ እንዳትከቺው ብቻ፣ ይበላሻል፣ በ0.22 ማይክሮን ፊልተር አሳልፈሽ ሚዲያው ከቀዘቀዘ በኋላ ጨምሪው። ፕሮሊን ደግሞ ጭራሽ ደህና አስገቢ የለውም፣ ነፃውን ከሰጠሽው በጣም ብዙ ካላረግሽ አይበቃውም፣ በዲፔፕታይድ (ሁለት አሚኖ አሲድ የተያያዘበት) መልክ ግን ደስ ብሎት ይወስደዋል።

እና ወደ ወተቱ ስንመለስ፣ ወተት ውስጥ ነፃ አሚኖ አሲድ በጣም ጥቂት ነው፣ ባክቴሪያው ትንሽ አድጎ ይጨርሰዋል። ከዛ በኋላ የሚኖረው የወተቱ ዋና ፕሮቲን በሆነው በኬዚን ነው። ሴል ግድግዳው ላይ የተተከለ ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይም አለ፣ ፒአርቲፒ የሚሉት፣ ቤታ ኬዚንን ማለትም 209 አሚኖ አሲድ የተቀጣጠለበትን ሰንሰለት ከ100 በላይ ዓይነት ቁርጥራጭ ያረገዋል። ቁርጥራጩን ኦፒፒ የሚባለው አስገቢ ይቀበላል፣ ኦፒፒኤ የሚባለው ክፍሉ ውጪ ሆኖ ፔፕታይዱን (ቁርጥራጩን) ይይዛል፣ ሌሎች ሁለት ክፍሎቹ ሜምብሬኑን አቋርጠው መተላለፊያ ይሰራሉ፣ ሁለቱ ደግሞ ከውስጥ ኤቲፒ እያቃጠሉ ይስባሉ። ነጠላ ነጠላ አሚኖ አሲድ የሚሆነው ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። የኦፒፒ ጂኑ የተበላሸበት ሚውታንት ወተት ላይ በቃ አያድግም፣ ዲ እና ትሪፔፕታይድ የሚያስገባው ዲቲፒቲ ቢበላሽ ግን ያድጋል፣ ዋናው መንገድ የቱ እንደሆነ ከዚህ ታያለሽ።

አሁን ያንቺ ችግር የት ጋ ይመስለኛል? የፒአርቲፒው ጂን ብዙ ጊዜ ፕላዝሚድ (ከዋናው ክሮሞሶም የተለየ፣ ባክቴሪያው ሊጥለው የሚችል ትንሽ ዲኤንኤ) ላይ ነው ያለው፣ ላክቶስ ማለትም የወተቱን ስኳር የሚያስበላውም እንደዛው፣ አንዳንዱ ስትሬይን (ዝርያ) ላይ ሁለቱም አንድ ፕላዝሚድ ላይ ናቸው። በየላቡ የሚሰራበት ኤምጂ1363 የሚባለው ስትሬይን ፕላዝሚዶቹ የወጡለት ስለሆነ ብቻውን ወተት ላይ አይሆንለትም። ኤም 17 በፔፕታይድ የተሞላ ነው፣ በላዩ ግሉኮስ ካረግሽበት ባክቴሪያው ያንን ፕላዝሚድ የሚሸከምበት ምንም ምክንያት የለውም፣ ደጋግመሽ ስታዘዋውሪው ይጥለዋል። የኔዋ ባክቴሪያ ስድስት ሳምንት ግሉኮስ ባለበት ኤም 17 ስትመላለስ የቆየች ነበረች። ቤት ውስጥ ያለው እርጎ ግን በወይራ የታጠነው ቅል ውስጥ ከወተት ወደ ወተት ነው የሚኖረው፣ ኬዚን መቁረጥ ያቃተው እዛ ወደኋላ ይቀራል፣ እናቶቻችን ሳያውቁት መርጠው ነው ያቆዩልን፣ ይሄን ሳስብ ሁሌም ልቤን ይነካኛል።

ስለዚ አሚኖ አሲድ መግዛቱን አቁሚና ይሄን ሞክሪ። ከኤም 17 ያደገውን ሴንትሪፊውጅ አድርገሽ ሴሉን ሁለቴ በሳላይን እጠቢው፣ ካልታጠበ ከሚዲያው የተረፈው ፔፕታይድ ያታልልሻል፣ መጀመሪያ ያደገ መስሎኝ የተደሰትኩት በዛ ነበር። 10 ፐርሰንት ስኪም ሚልክ በአራት ቲዩብ፣ አንዱ ባዶ፣ አንዱ ግሉኮስ ያለው፣ አንዱ ትሪፕቶን (አስቀድሞ የተቆራረጠ ኬዚን) ያለው፣ አንዱ ሁለቱም ያለው፣ 1 ፐርሰንት ኢኖኩለም (የታጠበው ሴል)፣ 30 ዲግሪ። ግሉኮሱ ብቻ ካረጋው ላክቶሱ ነው የጠፋው፣ ትሪፕቶኑ ብቻ ካረጋው ፒአርቲፒው፣ ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ብቻ ከረጋ ሁለቱንም ጥሏል ማለት ነው። የኔ አራተኛው ቲዩብ ብቻ ነው የረጋው፣ ጠዋት ስገለብጠው ንቅንቅ አላለም፣ ሶስቱ እንደ ውሃ ይፈሳሉ።

እንደዛ ከሆነ ያለሽውን ለማዳን አትታገይ፣ ፍሪዘር ውስጥ መጀመሪያ ያስቀመጥሽው ግሊሰሮል ስቶክ ካለ ከሱ ጀምሪ፣ ከሌለ ከእርጎው እንደገና ለይና ከዚህ በኋላ በወተት ላይ አዘዋውሪው። የአራቱን ቲዩብ ውጤት እዚሁ ጻፊልን እሺ፣ የየሰዓቱን ፒኤችም ከለካሽ ጨምሪበት።