ሎሚውን ለዓሣ፣ ጤና አዳሙን ለቡና ተዪው

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ከረምሽ? ባለፈው እሑድ ከመሥሪያ ቤት ልጆች ጋር በጀልባ ዘጌ ሄደን ነበር። ቀኑ ደመናማ ስለነበር ኮፍያም ጃንጥላም አልያዝኩም። ማታ ቤት ስገባ ግንባሬ፣ አፍንጫዬና ትከሻዬ እሳት ሆኑ። ልብስ ሲነካኝ ራሱ ያመኛል። እናቴ እሬት ተቀቢ ትላለች። ጎረቤታችን ደግሞ ጤና አዳምና ሎሚ ወቅጠሽ ተቀቢና ጠዋት ፀሐይ ላይ ቁጭ በይ፣ ይነቅልልሻል አለችኝ። ቅቤ ያሉኝም አሉ። ደግሞስ እኔ ጠይም ነኝ፣ ጥቁር ሰውን ፀሐይ ያቃጥለዋል እንዴ?
ከባሕር ዳር

መልስ፦ እህቴ፣ ከጎረቤትሽ ልጀምር። ያንን ሎሚና ጤና አዳም እስካሁን ካልተቀባሽው እግዜር ነው ያተረፈሽ።

ክፉ አስባ አይደለም። ጤና አዳም በየደጃፋችን አለ፣ ቡና ላይ ጣል ሲያደርጉት ማን ይጠላዋል? ቆዳ ላይ ሲሆን ግን ሌላ ነው። ጤና አዳምም ሎሚም ፉራኖኩማሪን የሚባሉ ነገሮች አሏቸው፤ ጭማቂያቸው ቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ካገኘው ቆዳውን ያቃጥለዋል። ተንኮሉ ደግሞ ወዲያው አይታይም። በማግሥቱ ወይም በሁለተኛው ቀን ያብጣል፣ ውሃ ይቋጥራል፣ ሲድን ደግሞ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት የማይለቅ ጥቁር ምልክት ትቶ ይሄዳል። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ደጅ ቁጭ ብዬ ለዓሣ ሎሚ ስጨምቅ ቆይቼ፣ እጄን ሳልታጠብ ፀሐይ ላይ ስንጎራደድ ውዬ፣ ጭማቂው በወረደበት መንገድ ልክ የእጄ ጀርባ ላይ ጥቁር መስመር ወጥቶብኝ ሁለት ወር ይዤው ዞሬያለሁ። ሰው ሲጠይቀኝ ድስት ነው ያቃጠለኝ እል ነበር። ሎሚ ነው ማለት አሳፍሮኝ።

ጠይምነትሽን በተመለከተ፣ ጠይም ቆዳ ፀሐይን ይበልጥ ይችላል እንጂ አይቃጠልም ማለት አይደለም። እኛ ላይ መቅላቱ ስለማይጎላ ነው የምንሸወደው። ትኩሳቱን፣ ሕመሙን፣ ቆዳው ወጠር ማለቱን ተመልከቺ፤ ከቀናት በኋላ ደግሞ ይላጣል። ደመናውም አታሎሻል። ስስ ደመና ሙቀቱን ይቀንስልሽና አልትራቫዮሌት ጨረሩን አብዛኛውን ያሳልፈዋል። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ጨረሩ ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። በሚያዝያ አጋማሽና በፍልሰታ ሰሞን ቀትር ላይ ፀሐይዋ ልክ አናታችን ላይ ስለምትሆን ጥላሽ እግርሽ ሥር ነው የሚቀረው። ጀልባ ላይ ደግሞ የጣና ነፋስ እያቀዘቀዘሽ ስለሚሄድ መቃጠልሽን የምታውቂው እንዳንቺው ማታ ነው።

አሁን ወደ እናትሽ። ልክ ናቸው፣ ግን ከሁሉ በፊት ውሃ ይቅደም። ንጹሕ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውሃ እየነከርሽ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ አሳርፊበት፣ በቀን ደጋግሚው። በረዶ አይደለም፣ ውሃ። አንቺም በደንብ ጠጪ።

ከዚያ እሬቱ። ቅጠሉን ስትቆርጪው ከቅርፊቱ ሥር ቢጫ ፈሳሽ ይወጣል፣ «እንደ እሬት መረረኝ» የሚያሰኘው እሱ ነው፤ ቆዳም ያስቆጣል። ቅጠሉን የተቆረጠውን ጎን ወደ ታች አድርገሽ ኩባያ ውስጥ አቁሚና ፈሳሹ ተንጠፍጥፎ ይውጣ። ከዚያ ላጪውና ውሃ የመሰለውን ሥጋውን ብቻ አጥበሽ ተቀቢ። ደግሞ በአገራችን ከ40 በላይ የእሬት ዓይነት አለ፣ አጥር ሥር ያየሽው ሁሉ ሱቅ ውስጥ ጠርሙስ ላይ የተሳለው አሎቬራ አይደለም። መጀመሪያ ክንድሽ ላይ፣ በውስጥ በኩል ትንሽ ሞክሪ። እስከ ማግሥቱ ካላሳከከሽ ቀጥይ።

እኔን ከጠየቅሽኝ ግን ከእሬት ተልባ እመርጣለሁ። መራራ ፈሳሽ የለው፣ የትኛው ዓይነት ነው ብሎ መጨነቅ የለ፣ ከጾም የተረፈ ደግሞ ከማን ቤት ይጠፋል! አንድ የሾርባ ማንኪያ ሙሉውን ፍሬ (ሳይቆላ፣ ሳይፈጭ) በአንድ ኩባያ ውሃ አምስት ደቂቃ ያህል ቀቅይ። ሲያዝለገልግ፣ ትኩስ እያለ አጥልዪው፤ ከቀዘቀዘ አልወርድም ብሎ ያስቸግርሻል። ፍሪጅ አስገቢና ቀዝቃዛውን ስስ አድርገሽ ተቀቢ። ከሁለት ሦስት ቀን በላይ አታቆዪው፣ ይበላሻል።

ካሳከከሽ ደግሞ አጃ አለ፣ የጎጃም ደገኛ እንግዶ የሚለው። በደንብ አልመሽ ፍጪና በስስ ጨርቅ ቋጥረሽ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ አድርጊው፣ ነጭ ወተት የመሰለ ይወጣል። በዚያ ታጠቢ። ይኼ የአያቶች ወሬ ብቻ አይደለም፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2003 የላመ አጃን ቆዳ ከሚጠብቁ ነገሮች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል።

ቅቤውን ለፀጉርሽ። ትኩስ ቃጠሎ ላይ ሙቀቱን አፍኖ ይይዘዋል።

ውሃው፣ እሬቱ፣ ተልባውና አጃው ያቀዘቅዛሉ፣ ያረጥባሉ እንጂ የተቃጠለውን አይመልሱም፣ የፀሐይ መከላከያም አይሆኑም። ውሃ ከቋጠረ አታፍርጪው። ሰፊ ቦታ ውሃ ከቋጠረ፣ ወይም ትኩሳትና ማስመለስ ከመጣ ጤና ጣቢያ ሂጂ። ዶክሲሳይክሊን የሚባለውን አንቲባዮቲክ እየወሰድሽ ከሆነም ንገሪያቸው፣ ቆዳሽ በፀሐይ ይበልጥ እንዲቃጠል ያደርጋል።

ጥያቄ፦ ሐይቅ ዳር ፎቶ አንሺ ነኝ። ፀሐይ በበረታ ቁጥር ከንፈሬ ላይ ምች ይወጣብኛል። አያቴ «ፀሐይ መትቶህ ነው» እያሉ በዳማከሴ ያሹኛል። ጓደኛዬ ግን ቫይረስ ነው ይላል። ማን ነው ልክ?

መልስ፦ ሁለቱም! የከንፈር ምች ሄርፒስ የሚባል ቫይረስ ነው። አንዴ ከያዘህ ነርቭ ውስጥ ተኝቶ ይኖራል፣ ከሚቀሰቅሱት ነገሮች አንዱ ደግሞ ፀሐይ ነው። አያትህ «ፀሐይ መትቶህ ነው» ሲሉ አልተሳሳቱም። ዳማከሴውን ግን ክፍት ቁስል ላይ አያሹት። ሽታው ለእኔም ልጅነቴ ነው፣ ብትታጠን አልከለክልህም። መቆጥቆጥ ሲጀምርህ ወዲያው ፋርማሲ ሄደህ ስለ አሲክሎቪር ጠይቅ፣ ቁስሉ ከወጣ በኋላ ብዙም አይረዳም። እስኪደርቅ በአንድ ብርጭቆ አትጠጡ፣ ሕፃንም አትሳም። ሰፊ ባርኔጣም ግዛ፤ ኮፍያ ከንፈርህን አያለብስም።

ጥያቄ፦ ጣና ውስጥ ዋኝቼ በወጣሁ ማግሥት እግሬ ሽፍ አለና ያሳክከኛል። ፀሐይ ነው ብዬ ተልባ ልቀባ ነበር፣ አንዱ ደግሞ በእንዶድ ታጠብ አለኝ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይኼ ፀሐይ አይመስለኝም። ውሃ የነካው እግርህ ብቻ ካሳከከህ ቢልሃርዚያን ጠርጥር፤ በትል የሚመጣ በሽታ ነው። ትሉ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ ውሃ ውስጥ ይንሳፈፋል፣ ከዚያ በቆዳ ይገባል። ያ ሰውዬ እንዶድ ያለህ ከየት እንዳመጣው ገብቶኛል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ያስተዋሉት እንዶድ ቀንድ አውጣውን እንደሚገድል ነው፣ ውሃ ውስጥ። የአንተን እግር አያድንም፤ የተቆጣ ቆዳ ላይ እንዲያውም ይባስ ያቃጥልሃል። ተልባው ማሳከኩን ያስታግስልህ ይሆናል፣ ትሉን ግን አይነካውም። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው፣ በክብደትህ ተለክቶ የሚሰጥ። የሰገራ ምርመራው አሁን ነጻ ነህ ቢልህ አትመነው፣ ከስድስት ሳምንት በኋላ ድገመው። ስትሄድም ሐይቅ ገብቼ ነበር ብለህ ንገራቸው፣ ካልነገርካቸው ቅባት ሰጥተው ይሸኙሃል።